የውጭ አገር ሆቴል፦ ቀብድ ልላክ ወይስ ደርሼ ልክፈል?

«ሆቴሉ ቀብድ ላክ ብሎኛል፤ ልላክ?»

ይህን የማይጠይቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ገበያ ጫማ የሚነግደው ጓደኛዬ ጓንግዡ ሊሄድ ሲል ይጠይቀኛል። እናቱን ለሕክምና ባንኮክ የሚወስደው ጎረቤቴም ጠይቆኛል። አንዳንዱ ደግሞ ብሩን ልኮ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚጠይቀኝ። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፦ አትላኩ። በነፃ የሚሰረዝና ደርሳችሁ የምትከፍሉትን ክፍል ያዙ። በአዳር ጥቂት ዶላር ቢበልጥም እሱን ያዙ።

ሌባ ፈርቼ ብቻ አይደለም። ከጎንደር ተነስቶ ውጭ የሚሄድ ሰው ጉዞው በእጁ አይደለም። ቪዛ ይዘገያል፣ ይከለከላል። የሐኪም ቀጠሮ ይገፋል። ከአዘዞ አዲስ አበባ የሚያደርሰው በረራ ቢሰረዝ እንኳ የዚያ ማዶው አዳር ይቃጠላል። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ፣ ብትቀሩ ስንት እንደምትከስሩም አብራችሁ አስሉ።

እኔ የማሰላው እንዲህ ነው። በነፃ የሚሰረዘው ክፍል በአዳር 50 ዶላር ነው እንበል። እዚያው ገጽ ላይ ከሥሩ «ተመላሽ የሌለው» ተብሎ ያው ክፍል በ45 ይቀመጣል። ለአምስት አዳር 250 እና 225 መሆኑ ነው። ልዩነቱ 25 ዶላር ነው። ለሒሳብ እንዲመች ዶላሩን በ150 ብር እንያዘው፤ 3,750 ብር ይሆናል። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ቪዛው ከቀረ ግን የሚቃጠለው 225ቱ ዶላር፣ ማለትም 33,750 ብር ነው። ዘጠኝ ጊዜ ሄዳችሁ ያተረፋችሁትን አንድ የተከለከለ ቪዛ ጠራርጎ ይበላዋል። ከሐምሌ 2016 በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ይኸው ኪሳራ 13 ሺሕ ብር አይሞላም ነበር። ያን ጊዜ «ምን አለ» ማለት ይቻል ነበር። አሁን አይቻልም።

ለሆቴሉ በቀጥታ በባንክ መላክ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። አነስተኛ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ይህን ይወዳሉ። «በቀጥታ ከእኛ ያዙ፣ አሥር በመቶ እንቀንሳለን፣ ግማሹን አስቀድማችሁ ላኩ» ይላሉ። ቅናሹ ያችው 25 ዶላር ናት። ገንዘቡ በስዊፍት፣ ማለትም ባንኮች ከአገር አገር በሚላላኩበት መስመር ሲሄድ እዚህ ያለው ባንክ ኮሚሽን ይይዛል። መሐል ላይ የሚያስተላልፈው ባንክም የራሱን ይቆርጣል። የ225ቱን ግማሽ፣ 112 ዶላር ገደማ ልካችሁ 92 ሊደርስ ይችላል። ሆቴሉ «20 ይጎድላል» ብሎ ይጽፍላችኋል። ወጪውን ሁሉ እኔ ልቻል ካላችሁ እዚሁ ይጨመርባችኋል። ታዲያ ቅናሹ የት ገባ?

ጎንደር ውስጥ ቀብድ ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገንም። ጥምቀት ሲደርስ ቀብድ ያልተቀበለ ሆቴል ማግኘት ይከብዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 1885 ነገሩን ቁርጥ አድርጎታል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል። ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ብዙ ሰው ውጭም እንደዚያው ይመስለዋል። የባንኮክ ሆቴል «ክፍል ሞልቶብኛል» ቢላችሁ ቢበዛ የላካችሁትን ይመልስ ይሆናል፤ እጥፉን ግን እርሱት። ፒያሳ ላለ ሆቴል ሽማግሌ ይላካል። ባንኮክ ላለው ማንን ትልካላችሁ?

የጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ። ሆስፒታሉ አጠገብ ያለ ማረፊያ የሦስት አዳር ቀብድ አስላከው። የእናቱ ቀጠሮ በሁለት ሳምንት ተገፋ። ቀኑን አዛውሩልኝ አለ። «ይቻላል፣ ግን ያ ሳምንት ዋጋው ሌላ ነው፣ ጨምር» አሉት። ጨመረ። ደርሶ ሲያይ ያው ክፍል፣ ያው መስኮት፣ ኢንተርኔት ላይ እሱ ከከፈለው ባነሰ ዋጋ ያለ ምንም ቀብድ ይሸጣል። ስክሪንሾቱን እስካሁን ከስልኩ አላጠፋውም። ቡና በተፈላ ቁጥር ያሳየናል።

እሱስ ቢያንስ ሆቴሉ እውነተኛ ነበር። አሁን የበዛው ቅጂው ነው። የሆቴሉን ፎቶ፣ ስምና አርማ ገልብጦ የተሠራ ድረ ገጽ በፍለጋ ላይ ከእውነተኛው በላይ ማስታወቂያ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አጭበርባሪዎች ሆቴሉ በቡኪንግ ዶት ኮም (የሆቴል ማስያዣ ድረ ገጽ) ላይ ያለውን አካውንት ሰብረው ሲገቡ ነው። መልእክቱ በራሱ በቡኪንግ መተግበሪያው ውስጥ ይመጣል። ስማችሁን፣ የምትደርሱበትን ቀን ያውቃል። «ካርድዎን በ24 ሰዓት ውስጥ በዚህ ሊንክ ካላረጋገጡ ቦታዎ ይሰረዛል» ይላል። አትንኩት። የሆቴሉን ስልክ ከካርታ ላይ ፈልጋችሁ ራሳችሁ ደውሉ። ሒሳብ ቁጥር ከተሰጣችሁም ስሙን እዩ። የዱባይ ሆቴል ነኝ እያለ ሒሳቡ ሌላ አገር በግለሰብ ስም ከሆነ ወሬው እዚያው ያብቃ።

በቴሌግራም «የቪዛ ቡኪንግ»፣ ማለትም ለቪዛ ማመልከቻ የሚቀርብ የሆቴል ማስያዣ ወረቀት የሚሸጡ ደላሎችም አሉ። አንዳንዱ ወረቀት ፎርጅድ ነው። አንዳንዱ እውነተኛ ቢሆንም ገንዘቡን እንደተቀበሉ ይሰርዙታል። ኤምባሲው ደውሎ ሲጠይቅ ስማችሁ የለም። በነፃ የሚሰረዘውን ራሳችሁ መያዝ ስትችሉ ለዚህ ብር መክፈል ሞኝነት ነው።

ደርሶ መክፈልም ጣጣ የለውም አልልም። ዋናው ጣጣ ካርድ ነው። ቪዛ ለማግኘት ሆቴል ያዝ ትባላላችሁ። ሆቴሉ ካርድ አምጣ ይላል። ባንኩ ደግሞ የዶላር ካርድ ለመስጠት ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይጠይቃል። መውጫው ሁለት ነው። አንዱ፣ እንደ ቡኪንግ ዶት ኮም ባሉት ላይ ያለ ክሬዲት ካርድ የሚያዙ ክፍሎችን ለይቶ መፈለግ ነው። ምርጫው ጠበብ ይላል እንጂ አይጠፋም። ሁለተኛው የዘመድ ካርድ ነው።

የዘመድ ካርድ ላይ ቆም በሉ። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ዴይራ የደረሰችው በእኩለ ሌሊት ነው። ክፍሉን የያዘላት ዳላስ ያለው አጎታችን ነበር። የሪሴፕሽኑ ልጅ ፓስፖርቷን አየና «ካርዱን ስጪኝ» አላት። ካርዱ ዳላስ ነው። «እንግዲያው ባለቤቱ ይምጣ» አላት። እሱም ዳላስ ነው። ደግነቱ ክፍሉ ገና ያልተከፈለበት ስለነበር ጥሬ ዶላር አውጥታ ከፍላ ገባች። አስቀድሞ ተከፍሎበት ቢሆን ኖሮ ሁለቴ ልትከፍል ነበር። የዘመድ ካርድ ለማስያዣ ብቻ ይሁን። ዘመዱ ሊከፍል ከፈለገ ሆቴሉ የካርድ ባለቤት ፈቃድ ቅጽ እንዲልክለት ይጠይቅና ፈርሞ ይመልስ።

ሌላው ነገር እዚያ ስትደርሱ የሚያዝ ዋስትና ነው። ይህ የክፍሉ ዋጋ አይደለም። ዕቃ ቢሰበር ወይም ያልከፈላችሁት ነገር ቢኖር ተብሎ የሚያዝ ነው። ዱባይ ላይ በአዳር 100 ድርሃም ያዙ እንበል። አምስት አዳር 500 ድርሃም ነው፤ ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 ስለታሰረ 136 ዶላር ይሆናል። ቀድማችሁ በሞላችሁት የባንክ ካርድ ካስያዛችሁት ያ ገንዘብ ይታገዳል። ከወጣችሁ በኋላም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ላይለቀቅ ይችላል። እናንተ ግን አገር ቤት ገብታችኋል። ስለዚህ ሆቴሉ ከተቀበለ ዋስትናውን በጥሬው አስይዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ስትወጡ ቆጥራችሁ ውሰዱ። ቻይናም ይህ የተለመደ ነው። ዱባይ ላይ «የቱሪዝም ድርሃም» የሚባለውን ክፍያም አትርሱ። እንደ ሆቴሉ ኮከብ በክፍል በአዳር ከ7 እስከ 20 ድርሃም ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ውጭ እዚያው ይከፈላል።

«በነፃ ይሰረዛል» የሚለውም ቀነ ገደብ አለው። ሰዓቱ የሆቴሉ አገር ሰዓት ነው፣ ቀኑም የፈረንጅ። ባንኮክ ከእኛ በአራት ሰዓት ይቀድማል። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን ጎንደር ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። እራት በልቼ እሰርዘዋለሁ ያለ ሰው የአንድ አዳር ዋጋ ይቀጣል። አንዳንድ ክፍል ደግሞ በነፃ ይሰረዛል ተብሎም ገንዘቡን አሁኑኑ ይወስዳል። «አሁን ምንም አይከፍሉም» የሚለውን ሳታዩ አትጫኑ።

ካርድም ዘመድም ከሌለ ቢሮ ያለው የጉዞ ወኪል ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። በብር ትከፍላላችሁ፣ እሱም ትርፉን ይጨምራል። ያው ክፍል ኢንተርኔት ላይ ስንት እንደሆነ አይታችሁ ግቡ፤ 250 ዶላሩን 300 ካለ ተከራከሩ። ከባንክ ውጭ በጥቁር ገበያ ሐዋላ ልላክልህ የሚለውን ተዉት፤ ሕገ ወጥ ነው፣ ቢጠፋም የት ሄዳችሁ ትከሳላችሁ? ወኪሉ «ቪዛ ከተከለከለ ገንዘቡ ይመለሳል» ካለ አፉን አትመኑ። ምን ያህል ተቆርጦ፣ በስንት ቀን እንደሚመለስ ደረሰኙ ላይ ይጻፍና ማኅተም ይረፍበት። «ለሌላ ጉዞ ይያዝልዎታል» የሚል ከሆነ ግን ተመላሽ አይደለም፤ ብራችሁን ይዛችሁ ቀጣዩ ቢሮ ግቡ።