ገመድ አልባ ቫኪዩም ከወራት በኋላ፦ ማሽኑ ደህና ነው፣ ጉዳዩ ባትሪው ላይ ነው

በጽዳቱ በኩል አላማርርም። የጤፍ ዱቄት፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የሶፋ ሥር አቧራ፣ ሁሉንም ጥርግ ያደርጋል። ቀላል ስለሆነ ደረጃ ላይ በአንድ እጅ ይያዛል። መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው ቄጠማ ነው። በበዓል ማግስት ብሩሹ ላይ ይጠመጠምና ሞተሩ ያቃስታል። ቄጠማውን በእጅ ለቀም አድርጎ ማስነሳት ይሻላል።

ባትሪው ግን ሌላ ወሬ ነው። አዲስ ሳለ ሳሎኑንና መኝታ ቤቶቹን አዳርሶ ይተርፈው ነበር። አሁን መሃል ላይ ይደክማል። የሊቲየም ባትሪ ያረጃል፣ ያለ ነው። ያሳሰበኝ መተኪያው ነው። የአምራቹን ባትሪ እዚህ ብፈልግ አጣሁ። ያገኘሁት “ለሱም ይሆናል” የሚባል ስም የለሽ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ግን ያጓጓል።

አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩትና ፊቴ ከፈተው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው 6 ሴሎች (ውስጡ ያሉት ትናንሽ ባትሪዎች) በስስ ብረት ተያይዘዋል። ከየመገጣጠሚያው ቀጫጭን ሽቦ ተነስቶ ወደ አንዲት ትንሽ ቦርድ ይሄዳል። “እህቴ፣ ከላፕቶፕ የወጣ ጥሩ ሴል አለኝ። ቦርዷን ትቼ በቀጥታ አገናኝልሻለሁ፣ በርካሽ ትገላገያለሽ” አለኝ። በቅንነት ነው ያለው። አይሆንም ብዬ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ።

ምክንያቴ እነዚያ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ስድስቱ አንድ ላይ 25.2። ቦርዷ እያንዳንዱን ሴል ለብቻው ትከታተላለች። እሷ ከሌለች ቻርጀሩ የሚያውቀው ድምሩን ብቻ ነው። ያረጀና ደህና ሴል ሲደባለቅ አንዱ 4.0 ላይ ቀርቶ ሌላው 4.4 ሊገባ ይችላል፤ ድምሩ ግን ያው ነው። ከልኩ በላይ የሞላው ሴል ውስጡ ይጎዳል፣ ይግላል። ሴሉ ውስጥ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን የሚለየው ከፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ ነው። ሙቀቱ 130 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ይኮማተራል። ሁለቱ ይነካካሉ። ሴሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ሲግል የሚፈጠረው ጋዝ የሴሉ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ታፍኖ በኃይል ሲወጣ ነው ፈነዳ የምንለው። የአንዱ ሙቀት ጎረቤቱን ያስነሳል። እጀታው ሥር ያለ ባትሪ እንዲህ ቢሆን የሚጎዳው እጅና ፊት ነው።

የጃፓን ብሔራዊ የቴክኖሎጂና ምዘና ተቋም በቫኪዩምና በመሰርሰሪያ ላይ ስለሚገጠሙ፣ የአምራቹ ስላልሆኑ ባትሪዎች ደጋግሞ ያስጠነቀቀውም ያለምክንያት አይደለም። አንዳንዶቹ የየሴሉን ቮልቴጅ ጭራሽ አይከታተሉም።

እስካሁን የኔ ባትሪ አላበጠም፣ ሽታም የለውም። ጠርጌ እንደጨረስኩ አልሰካውም፤ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቮልቴጁ እስኪረጋጋ እጠብቃለሁ። ሶፋ ላይ ወይም መጋረጃ አጠገብ፣ ደግሞም ሁሉም ተኝቶ እያለ ቻርጅ ማድረግ ቤታችን ውስጥ ክልክል ነው። ባትሪያችሁ ካበጠ፣ የሚኮረኩር የኬሚካል ሽታ ካመጣ ወይም ቻርጅ ላይ እያለ ለመንካት እስኪያስቸግር ከጋለ፣ “ትንሽ ቀን ይሥራልኝ” አትበሉ። እባካችሁ።

ገና ለምትገዙ፦ ስለ መምጠጥ ኃይሉ ከመጠየቃችሁ በፊት የአምራቹ መተኪያ ባትሪ ከየት እንደሚገኝ ጠይቁ። እኔ ዋናውን ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አዝዣለሁ። መደበኛ ቮልቴጁ 21.6 ነው (25.2 የሚደርሰው ሲሞላ ነው)፤ ይህ በ2.5 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 54 ዋት-ሰዓት ነው፣ ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ መሆኑ ነው፤ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚቀበሉት 100 ዋት-ሰዓት በታች ማለት ነው። ለብቻው የሚመጣ ባትሪ ግን ተመዝኖ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። የብረት ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው በእጅ ሻንጣ ይምጣ።