የጦርነት ዘመን ፍቅር ወይስ የሰላም ጊዜ ፍቅር? ከመግዛትዎ በፊት

ከብሔራዊ ትያትር ጀርባ ቡና የሚያፈሉልን እትዬ መጽሐፍ ስሰጣቸው አስቀድመው የሚጠይቁኝ የደራሲውን ስም አይደለም። «ጥይት አለበት?» ይላሉ። ካለበት አይቀበሉኝም። እዚያው በርጩማ ላይ የማይጠፉት ጡረተኛው ጋሼ ደግሞ ጥይት የሌለበትን የፍቅር መጽሐፍ ጥቂት ገልጠው «ሁለት ሰዎች ስልክ ሲደዋወሉ ለማንበብ ዓይኔን አላደክምም» ብለው ይመልሱልኛል። እኔ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ መጽሐፍ ሻጭ አይደለሁም። ሆኖም ለዓመታት ለእነዚህ ሰዎችና ለባልደረቦቼ መጽሐፍ ስገዛ፣ ሳውስና ሳስመልስ (የማይመለሰው ይበልጣል) የትኛውን ዓይነት ልብ ወለድ ማን እንደሚወድ፣ ማንስ በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚዘጋው ለመታዘብ በቅቻለሁ። መንገድ ዳር ከተደረደረ መጽሐፍ ፊት ቆሞ ለሚያመነታ ሰው ትዝብቴ ይጠቅመው ይሆናል።

ለማነጻጸር የሚመች አንድ ዕድል አለን፤ ሁለቱንም ዓይነት አንድ ደራሲ ጽፎልናል። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው «ከአድማስ ባሻገር» የደራሲው ዘመን አዲስ አበባ ታሪክ ነው። አበራ ወርቁ የመንግሥት ሥራ አለው፣ ልቡ ግን ያለው ድርሰትና ሥዕል ላይ ነው፤ ከዚያ ላይ የሉሊት ታደሰ ፍቅር ይጨመርበታል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» ደግሞ በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ መካከል የበቀለ ፍቅር ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ለፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ አሥመራ ይሄዳል፤ እዚያ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ብዕሩ አንድ ስለሆነ፣ አንባቢው ሁለቱን በተለያየ ዓይን ሲያያቸው ልዩነቱን የፈጠረው በአብዛኛው ጦርነቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ኦሮማይ»ን የወሰደ ሰው አላቆየብኝም። በሁለት ሌሊት ጨርሰው ዓይናቸው ቀልቶ ሥራ የገቡ አሉ። ጦርነት ለደራሲ ትልቅ ውለታ ይውላል። ጥንዶቹን የሚለያይ ምክንያት ፍለጋ አይደክምም፤ ነገን ማየታቸው ራሱ ያጠራጥራል። አብረው የበሉት እራት የመጨረሻው ሊሆን ስለሚችል አንባቢው ስለ እራቱ ብቻ እንኳን ሦስት ገጽ ቢጻፍለት አይሰለችም። ወንዶቹ ባልደረቦቼ መጽሐፉን ሲመልሱ የሚያወሩት ውጊያው ስለሚካሄድባቸው ስለ ናቅፋና ስለ 1702 ኮረብታ ነው፤ ፍቅሩን ያነሳ እንደሆነ ሰው ይስቅብኛል ብለው ይሆናል። የሂሳብ ክፍሏ ባልደረባዬ ግን መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኑራ «ሮማን ምን አጠፋች?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከእርሷ በስተቀር ፀጋዬን የወቀሰ አንድም ሰው አለማግኘቴ አስገርሞኛል። እጮኛ እያለው ሌላ ሴት የወደደ ሰው፣ ታሪኩ ካዛንችስ ውስጥ የተፈጸመ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚሁ ሰዎች ቡናቸው ሳይበርድ ይፈርዱበት ነበር። ነገሩ በመድፍ ድምፅ ሥር ስለሆነ «ምን ያድርግ?» አሉለት። የጦርነት ልብ ወለድ የሚሸጠው አንዱ ዕቃ ይህ ይቅርታ ነው። በአዘቦት ቀን ለራሳችን የማንፈቅደውን ለባለታሪኩ እንፈቅድለታለን። ይህ የሚያናድደው አንባቢ ካለ፣ ባልደረባዬን ጨምሮ ማለቴ ነው፣ ገንዘቡን በሰላም ጊዜው መጽሐፍ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

«ከአድማስ ባሻገር» በሁለት ሌሊት አያልቅም። ያዋስኳቸው ሰዎች ሁሉ ግማሹ ላይ ሳሉ መጥተው ከአበራ ጋር ተጣልተዋል። «ሥራውን አይለቅ፣ አይሠራ፣ ምን ሆኖ ነው?» ያለችኝ ወጣት ባልደረባዬ፣ እርሷ ራሷ ሦስት ዓመት ሙሉ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠች ናት። እዚህ እንቅፋቱ ከውጭ አይመጣም፤ ዘመድ የሚጠብቅበት ሌላ፣ እርሱ የሚመኘው ሌላ፣ እንቅፋቱም እዚያው ሰውዬው ውስጥ ነው። አንባቢው ራሱን ያይበታል፣ ራሱን ሲያይ ደግሞ ይቆጣል። በጠረጴዛችን ዙሪያ ረዥሙን ክርክር ያስነሳው ይኸው ቀስ ብሎ የሚነበበው መጽሐፍ ነው። ለመጽሐፍ ውይይት የሚገዛ ሰው ካለ ያለ ማመንታት ይህንን እላለሁ። ለአውቶቡስ ጉዞ ከሆነ ደግሞ «ኦሮማይ»ን።

እትዬ ወደሚጠይቁት ጥያቄ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። በመጀመሪያ አሳዛኝ ነገር የማይወዱ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እያሰቡ ያለቀሱትን ልቅሶ ዛሬም እንደ ሠርግ ትዝታ ነው የሚያወሩት። ኀዘን አልከበዳቸውም፤ የከበዳቸው ቅርበት ነው። ልጃቸው በቅርቡ የሰሜኑ ጦርነት ዘምቶ ነበር። ተመልሷል፤ ብዙ ግን አያወራም። «ኦሮማይ»ን ተማሪዋ ሴት ልጃቸው ስታነብላቸው ሩብ ያህል ሰምተው አስቆሟት። «ስሙን ቀይረው የእኔን ቤት ይነግሩኛል» አሉኝ፣ ስኒ እያጠቡ፣ ቀና ሳይሉ።

ከዚያ ወዲህ የጦርነት ዘመን ፍቅር ልብ ወለድ በስጦታ ልስጥ የሚለኝን ሰው የተቀባዩን ዕድሜ አልጠይቀውም። ጦርነቱ ከቤታቸው ምን ያህል ይርቃል? ነው የምለው። ጡረተኛው ጋሼ የኦጋዴን ዘማች ናቸው፤ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ በትግላችን ሐውልት በኩል ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። ለእርሳቸው የጦርነት መጽሐፍ ከወጣትነታቸው ጋር መገናኛ ነው፤ በመካከሉ ብዙ ዓመት ስላለ አይቆርጣቸውም። ለእትዬ ግን ቁስሉ ገና ነው። ሁለቱም በአንድ ጀበና ይጠጣሉ፣ አንድ መጽሐፍ ግን አይሆናቸውም።

መካከለኛ መንገድ አለ፤ የሰው አገር ጦርነት። «ነገም ሌላ ቀን ነው»፣ የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ትርጉም፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865) መካከል የበቀለ ፍቅር ነው። ነቢይ መኮንን ወደ አማርኛ የመለሰው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው፤ ብጥስጣሹ ወረቀት ከእስር ቤቱ እየሾለከ ወጥቶ ነው መጽሐፍ የሆነው። ማዕከላዊ ከዚህ ከቸርችል ጎዳና ላይኛው ጫፍ ሩቅ አልነበረም፣ እናም መጽሐፉን ያለዚህ ታሪኩ መስጠት አልችልም። እትዬ ጥይት ያለበት መሆኑን ነግሬያቸው እንኳ ተቀበሉኝ። ያስደነቃቸው ጀግናም ጄኔራልም አልነበረም፤ ባለታሪኳ ስካርሌት የመጋረጃ ጨርቅ ቀሚስ አሰፍታ ለግብር የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ የሄደችበት ክፍል ነው። «የጣሪያና ግድግዳ መሆኑ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነው አልኳቸው፣ እዚያም አገር እንደዚያ ነው። አንድ ነገር ግን ገዢው አስቀድሞ ይወቅ፤ መጽሐፉ ባርነትን የሚያየው በባለ ርስቶቹ ዓይን ነው፣ ጥቁሮቹም በዚያው ዓይን ተስለዋል። ይህ ንባቡን ያበላሸባቸው ወጣቶች አጋጥመውኛል፣ አልተሳሳቱም።

በነገራችን ላይ፣ ጥይቱን ከፍቅሩ ለመነጠል የሚደረገው ሙግት እንግዳ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረኢየሱስ «ጦቢያ»፣ በጦርነት ተጀምሮ በጋብቻ ነው የሚያልቀው። መንገዱን የቀየሱልን እንዲህ አድርገው ነው።

የዛሬው ዘመን ልብ ወለድ ሌላ ፈተና አለበት፤ አንባቢው ከተማዋን ያውቃታል። አንድ ባልደረባዬ ሞቅ ያለ የፍቅር መጽሐፍ በ40ኛው ገጽ አካባቢ የዘጋው፣ ጀግናዋ ከፒያሳ በቀላል ባቡር ተሳፍራ ቦሌ አየር ማረፊያ በር ላይ ስለወረደች ነው። ባቡሩ እዚያ አይደርስም። «ይህን የማታውቅ ሴት ስለ ፍቅር ምን ልትነግረኝ ነው?» አለ፤ ስህተቱ የደራሲዋ መሆኑን ባስረዳውም አልሰማኝም። ይኸው ሰው በጦርነት መጽሐፍ ውስጥ ከሦስት ከበባ ያመለጠ መቶ አለቃ በሺህ ሰው መካከል ፍቅረኛውን በሻርፗ ለይቶ ሲያገኛት እንባው መጥቷል። ለሩቁ እንቸራለን፣ ለቅርቡ በሳንቲም እንከራከራለን። ስለዚህ የዛሬውን ዘመን የሚገዛ ሰው የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርትና የደመወዝ ነገር የተነሣበትን ገጽ ፈልጎ ይይ። በወር ደመወዝዋ ሦስት ክፍል ቤት የተከራየች አዲስ ተቀጣሪ ካገኘ ይመልሰው።

እኔ ደግሞ ለሁለቱም አንድ አንድ ገጽ አነባለሁ፣ ሻጩ ቢገላምጠኝም። የጦርነት መጽሐፍ ከሆነ ጥንዶቹ ብቻቸውን ሆነው ምንም ጥይት የማይተኮስበትን ገጽ። ጨዋታቸው ከቀዘቀዘ ፍቅሩን ተሸክሞት የነበረው ጦርነቱ ነው፤ ተኩሱ ሲያቆም መጽሐፉም ያቆማል። የዛሬ ዘመን ከሆነ ደግሞ የሚጣሉበትን ገጽ። ጠባቸው በአንድ ስልክ የሚፈታ ሆኖ ሳለ ደራሲው ለመቶ ገጽ እንዳይደዋወሉ ካደረጋቸው፣ የጋሼ ሐሜት እውነት ሆነ ማለት ነው። ደህናው መጽሐፍ የሚያጣላቸው ነገር አለው፦ የሃይማኖት ልዩነት፣ ዓረብ አገር የሄደች እህት የምትልከው ገንዘብ፣ ለሁለት ዓመት የተባለ የውጭ ትምህርት። እነዚህ ከመድፍ አያንሱም።

አጨራረስ ላይ ሁለቱን የሚለያቸው ነገር አጭር ነው። በጦርነት መጽሐፍ ሞት ቢመጣ አንባቢ ያለቅሳል እንጂ አይቆጣም። «ኦሮማይ» ማለት አበቃ፣ አለቀ ማለት ነውና ከሽፋኑ ጀምሮ ተነግሮታል። በዛሬው ዘመን ታሪክ ግን ደራሲው መጨረሻው ሲጠፋበት አንዱን መኪና ካስገጨው ይቅርታ የለውም። «መኪናዋ» የምንላት የታወቀች ናት፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ከየትም ትመጣለች። አንድ መጽሐፍ ሊሸጥልዎ የሚሻ ሰው «መጨረሻው ያስለቅሳል» ካለዎት በምን እንደሆነ ይጠይቁት።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። «ኦሮማይ» እንደወጣ ከገበያ ተሰብስቦ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ወጥቶ ቀርቷል፤ መጽሐፉ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ሲዞር ኖሯል። በዚህ ምክንያት «የጥንቱ እትም ነው» እያሉ ዋጋ የሚሰቅሉ አሉ። የኅትመቱን ዓመት ውስጥ ገልጠው ይዩ፤ ለማንበብ ብቻ ከሆነ አዲሱ ይበቃል። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ሲሆን የገጽ ቁጥሩን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ መቁጠር ጥሩ ነው። እኔ አንድ ጊዜ 16 ገጽ የጎደለው ገዝቼ፣ የጎደለው የመጀመሪያው መሳሳም ያለበት ኖሮ፣ ሰዎቹ በምን እንደተዋደዱ ሳላውቅ ሲለያዩ አነበብኩ። አማርኛ ለማያነብ፣ ውጭ ላደገ ዘመድ ደግሞ «ኦሮማይ» በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ወጥቷል።

ገና ያላመነ ሰው ገንዘቡን ኪሱ አድርጎ ወመዘክር ወይም አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ሃምሳ ገጽ ያንብብ። ሃምሳ ገጽ ላይ ሰዓቱን ካየ አይግዛው።

አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚገዛበት ገንዘብ ያለውና ጦርነት ቤቱ ያልገባ ሰው ከጠየቀኝ «ኦሮማይ» እላለሁ፤ ከዓመት በኋላ ግን «ከአድማስ ባሻገር»ን ፍለጋ ይመለሳል። ጋሼ ተመልሰዋል። መጽሐፉን ለልጅ ልጃቸው ነው ብለው ከወሰዱት ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ስጠይቃቸው «ልጁ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው» ይሉኛል። የመነጽራቸው ማኅደር ገጹ መካከል እንደ ምልክት ገብቶ አይቻለሁ።