ፖቶሲ ላይ ብር ብዬ ብረት ገዛሁ

ቦሊቪያ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ተሸውጃለሁ፣ እናንተም እንዳትሸወዱ።

ፖቶሲ ስፔኖች እ.ኤ.አ. ከ1545 ጀምሮ ብር የዛቁባት ከተማ ናት። ከአናቷ ላይ ሴሮ ሪኮ፣ "ሀብታሙ ተራራ" የሚሉት ቀላ ያለ ተራራ ተገትሯል። ከተማዋ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። "የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል" ብዬ ነበር። አንድ ዳገት ሳልጨርስ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

አንዱ አስጎብኚ ያገኘን መናኸሪያው በር ላይ ነው። የማዕድን ዋሻው፣ ሙዚየሙ፣ መኪናው፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ አለን። ዋሻው ውስጥ መግባታችን አይቆጨኝም። ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ይቆፍራሉ፤ አንድ ጉንጫቸው በኮካ ቅጠል እንዳበጠ። ኤል ቲዮ የሚሉት፣ የዋሻው ጌታ ነው የሚባል ቀንዳም ምስል አፉ ላይ ሲጋራ ሰክተውለታል። ለሠራተኞቹ ኮካና ለስላሳ ይዞ መግባት የተለመደ ነው፣ ደግም ነው። የኛው ሰውዬ ግን ከዋጋው ውጪ መሆኑን የነገረን ሱቁ ውስጥ ካስገባን በኋላ ነው። የሙዚየሙም መግቢያ እንደዚሁ። እሺ፣ ይሁን።

ዋናው ጉድ መጨረሻ ላይ መጣ። አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰደን። ባለቤቱ ከጨርቅ ውስጥ ጥቁር፣ ጠርዙ የተዛነፈ ሳንቲም ፈታ። 1652 ይላል። "ኦሪጅናል ነው፣ ለአንቺ ብቻ" አለኝ። 400 ቦሊቪያኖ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ቤቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። (ሲልቨር ማለት ብር ነው፤ ሳቁ፣ ይገባኛል።) ሳንቲሙን ፍሪጅ ላይ ወዳለው ማግኔት ሳስጠጋው ጠቅ ብሎ ተለጠፈ። ብር ማግኔት አይስበውም! በኩሽና ሚዛን መዘንኩት፤ 18 ግራም። የዚያ ዘመን ባለ 8 ሪያል የስፔን የብር ሳንቲም 27 ግራም ገደማ ነው። ይባስ ብሎ ፒ፣ ቲ፣ ኤስና አይ የሚባሉት ፊደላት የተደራረቡበት ማኅተም አለው። ፖቶሲ ያንን ማኅተም የጀመረችው በ1767 ነው። ከዚያ በፊት ምልክቷ ፒ ብቻ ነበር። የኔው ሳንቲም ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ተገኝቷል ማለት ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ዓመቱ ነው። በ1640ዎቹ የፖቶሲ ሳንቲም ማምረቻ ሰዎች ራሳቸው ብሩ ላይ መዳብ ሲቀላቅሉ ተደርሶባቸው፣ የስፔን ንጉሥ መርማሪ ልኮ አንድ ትልቅ ነጋዴ በ1650 ተገደለ። የሳንቲሙም ቅርጽ የተቀየረው በ1652 ነው። አጭበርባሪዬ የመረጠልኝ ዓመት ይኸው ነው።

ደግሞስ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ? ቅርስ ያለ ፈቃድ ከቦሊቪያ ማውጣት ክልክል ነው። ኤርፖርት ላይ ጣጣ ነበር።

ሙዚየሙን፣ ማለትም የድሮውን ሳንቲም ማምረቻ ካሳ ዴ ላ ሞኔዳን፣ ራሳችሁ በር ላይ ከፍላችሁ ግቡ። አስጎብኚ ከውስጥ ይመደብላችኋል። በቅሎዎች ያዞሩት የነበረውን ግዙፍ ከእንጨት የተሠራ የብር መዳመጫ ሳታዩ እንዳትወጡ። ሳንቲም መግዛት ካማራችሁ ግን ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ያዙ፣ ሻጩ ፊት አውጡት።

አስጎብኚውን በዋትስአፕ ጠየቅኩት። ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች መጡ፣ እሱ ግን እስካሁን ትንፍሽ አላለም።