ዩዝድ ላፕቶፔ ከ8 ወር በኋላ፣ ማታ ማታ አልጠፋም የምትለው

ይቺን ላፕቶፕ ዩዝድ ከገዛኋት 8 ወር ሆነኝ፣ ኮር አይ 5፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጂቢ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ፣ ዊንዶውስ 10። ኪቦርዷ ምርጥ ነው፣ ባትሪዋ መብራት ሲጠፋ ሁለት ሰዓት ተኩል ትይዛለች፣ ለዩዝድ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

ጣጣዋ ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ ኤክሴል በሉት ዙም በሉት ቀጥ ብላ ስትሰራ ትውልና ሻትዳውን ስላት ያቺ ክብ ነገር ስትዞር ስትዞር ደቂቃዎች ትቆይና ሰማያዊ ስክሪን፣ "ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር" ብላ ራሷን መልሳ ታስነሳለች። እኔ ልተኛ ስል እሷ ትነሳለች! ሪስታርትም ያው ነው።

ጥገና ቤት ስወስዳት ልጁ ገና ሳይከፍታት "ፎርማት ነው" አለኝ (እኛ ጋ ፎርማት የኮምፒውተር ፓራሲታሞል ነው)። ተደረገች፣ በማግስቱ ማታ ያው። ሌላው ደግሞ ራም ቀይር አለኝ፣ ራም ቢሆን ስሰራባት አትወድቅም ወይ ብዬ እምቢ አልኩ።

በመጨረሻ ራሴ ቁጭ አልኩ። ነገሩ አንድ ድራይቨር (ዊንዶውስ እንደ ዋይፋይ ያለውን ዕቃ የሚያዝበት ሶፍትዌር) ተኛ ሲባል መልስ አልሰጥ ሲል የሚመጣ ነው፣ ዊንዶውስ ጠብቆ ጠብቆ ይወድቃል። መጀመሪያ ፋስት ስታርትአፕን አጠፋሁ፣ እሱ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ሻትዳውን ስትሉ ከርነሉን (የዊንዶውስን እምብርት) ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል እንጂ ሙሉ ለሙሉ አያጠፋም። ምንም ለውጥ የለም፣ ሪስታርት ድሮም እሱን ስለማይጠቀም ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ከዛ ዊንዶውስ ሲወድቅ ሚኒደምፕ ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጠውን የብልሽት መዝገብ ብሉስክሪንቪው በሚባል ፕሮግራም ስከፍተው የራሱን የዊንዶውስ ከርነል ስም ብቻ አሳየኝ፣ በዊንዲባግ (የማይክሮሶፍት የብልሽት መመርመሪያ) ሳስመረምረው ግን የዋይፋዩ ድራይቨር ስም ቁጭ ብሏል። ለማረጋገጥ ዲቫይስ ማናጀር ገብቼ ዋይፋዩን ዲሴብል አድርጌ ሻትዳውን ስላት በ10 ሰከንድ ጭጭ!

ለካ ፎርማት ያደረገው ልጅ በፍላሽ ይዞት ከሚዞረው ድራይቨር ፓክ ያንኑ አሮጌ ድራይቨር መልሶ ጭኖልኝ ነው። ከላፕቶፑ አምራች ሳይት በሞዴል ቁጥሯ ፈልጌ ትክክለኛውን ጫንኩ፣ ይኸው 2 ወር ሰላም ነኝ። አንዴ ብቻ የዊንዶውስ አፕዴት የድሮውን መልሶብኝ ሮልባክ ብዬ ወደ ትክክለኛው መልሼዋለሁ።

ከ10 7 እሰጣታለሁ። ደግሜ ብገዛ ግን ሻጩ ፊት ሻትዳውንም ሪስታርትም ብዬ ሳላይ ብር አልቆጥርም።