አርባ ምንጭና ዶርዜን ላሳየን ወንድማችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ወዳጆቼ፣ ወደ አርባ ምንጭ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ጽሁፍ አንብቡልኝ። ከጓደኞቼ ጋር ደርሰን የተመለስነው በቅርቡ ነው። ስለ አገሩ ውበት ብዙ ተብሏል። እኔ ማመስገን የፈለግሁት ያስጎበኘንን የአካባቢውን ልጅ ነው። ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

መጀመሪያ ስደውልለት የጠየቀኝ ስለ ምግብ ነው። ከመሃላችሁ የሚጾም አለ? ሙስሊም አለ? አልኮል የማይጠጣስ? ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪና የሚያዞረው ሰው አለ? ሁሉንም መዘገበ። ከዚያ ዋጋውን ዘርዝሮ በቴሌግራም ላከልኝ። የጀልባው ይህን ያህል፣ የፓርኩ መግቢያ ይህን ያህል፣ የመንደሩ ይህን ያህል፣ የእሱ ድካም ይህን ያህል። እስክንመለስ ድረስ ከዚያ ላይ አንድ ብር አልጨመረብንም። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሄደን በየበሩ "ይቺን ጨምሩ" እየተባልን ተማርረን የተመለስን ሰዎች ነን። ስለዚህ ገና ሳንነሳ ልባችን አረፈ።

የደረስን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጫሞ ሐይቅ ላይ ለመውጣት ቋምጠን ነበር። እሱ ውሃውን አየት አደረገና "ዛሬ አንወጣም" አለ። ነፋስ ተነስቷል፣ ማዕበሉ ለትንሽ ጀልባ አይሆንም። ትንሽ ተከራከርነው፣ ግን ፍንክች አላለም። ይልቅ የከተማው ላይኛ ክፍል ወደሆነው ሴቻ ይዞን ወጣና ከላይ ሆነን ሁለቱን ሐይቆች አሳየን። በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጠባብ መሬት። አባያ ከኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትልቁ ነው። ወንዞች አፈር ጠርገው ስለሚያስገቡበት ቀላ ይላል። ጫሞ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ጎን ለጎን ሆነው ቀለማቸው እንዲህ መለያየቱ በፎቶ ካየሁት በላይ ገረመኝ።

ማታ ሲቀላ ወደሚባለው የከተማው ታችኛ ክፍል ወርደን ዓሣ በላን። ጥብስም ጉላሽም ዱለትም አዘዝን። ዱለቱን ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ! ጓደኛዬ እስከዛሬ ዓሣ አልወድም ትል ነበር፤ ሳህኑን ጠርጋ ነው የተነሳችው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሐይቁ ዳር ነበርን። ውሃው ረግቷል። የደህንነት ጃኬታችንን አንድ በአንድ እየዞረ ራሱ አሰረልን። አዞ ገበያ የሚሉት ቦታ ስንደርስ ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ ራቅ ብሎ ቆመ። እነዚያ ግዙፍ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጠጋ በልልን ብለን ለመንነው። "ቤታቸው ነው፤ ካስደነገጥናቸው ውሃ ውስጥ ይገባሉ፣ ከኛ በኋላ የሚመጣው ሰውም ምንም ሳያይ ይመለሳል" አለን አስጎብኚያችን። ከኛ በኋላ ለሚመጣው ሰው የሚያስብ አስጎብኚ ገጥሞኝ አያውቅም። ወረድ ብሎ ጉማሬዎች አሉ። ቀላል እንጨት አስረው በሠሩት ታንኳ ላይ ቁጭ ብለው መረብ የሚጥሉ ዓሣ አጥማጆችም አየን። በዚያ ሁሉ አዞ መሃል!

የነጭ ሣር ፓርክን የሜዳ አህያ አላየንም። መንገዱ ጠንካራ ባለአራት ጎማ መኪና ይፈልጋል፣ እኛ የያዝነው ሚኒባስ ነው። "በዚህ ብሄድ ገንዘባችሁን እበላለሁ እንጂ አላሳያችሁም" ብሎ እሱ ራሱ ነው ያስቀረን።

ዶርዜ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነስታችሁ ተራራውን ስትወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ይቀበላችኋል፣ ቀርከሃና እንሰት ይበዛል። የታወቀው ቤታቸው በቀርከሃ ተሸምኖ እንደ ዝሆን ፊት ሆኖ የተሠራ ነው። ሲሠራ በጣም ረጅም ነው። ከሥሩ ምስጥ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ያነሱለታል፣ ቤቱም ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ያዛውሩታል። እንዲህ እያለም አንድ ቤት አሥርት ዓመታት ይኖራል።

የገባንበት ግቢ አንዲት እናት ቆጮ እያዘጋጁ ነበር። ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። እሱ በእጁ አስቆመን፣ በጋሞኛ አናገራቸው፣ እሳቸው ስቀው እሺ ካሉ በኋላ ነው "አሁን አንሱ" ያለን። እናታችን የእንሰቱን ግንድ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አጋድመው፣ አንድ እግራቸውን አንስተው ደግፈውት፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ይፍቁታል። ነጩ ነገር ከሥር ይጠራቀማል፣ ቃጫው እጃቸው ላይ ይቀራል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይቦካል። ለኛ የቦካውን አውጥተው፣ ከትፈው፣ ጠፍጥፈው በቅጠል መሃል ምጣድ ላይ ጋገሩልን። ትኩሱን በማርና በዳጣ በላን። ዳጣው ያቃጥላል፣ ማሩ ያበርዳል፣ እጃችሁም ሳታስቡት ይመለሳል። አዲስ አበባ ከክትፎ ጋር የለመድነው ቆጮ ደረቅ ነው፤ ይሄኛው ለስላሳ ነው።

ከዚያ አረቄ መጣ። "ዮ፣ ዮ፣ ዮ!" እያልን ተጎነጨን። ሙስሊሙ ጓደኛችን ብቻውን እንዳይቀመጥ፣ ሳይጠይቅ ብርዝ ቀረበለት። ለካ አስጎብኚያችን ቀድሞ ደውሎ አስነግሮ ነበር። ጓደኛችንም ብርዙን አንስቶ ከኛ ጋር "ዮ!" አለ።

ሽመናውንም አየን። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሽሮ ሜዳ የምንገዛው ነጠላና ጥበብ ብዙው ከዚህ አገር ልጆች እጅ የወጣ ነው። እኔ ዱንጉዛ የሚሉትን ባለቀለም የባህል ልብስ ገዛሁ። ገንዘቡን በእሱ በኩል ልሰጥ ስል "ለባለሙያው በእጅህ ስጠው" አለኝ። ኮሚሽን የሚባል ነገር በመሃል የለም።

በመንገድ ላይ ብዙ አጫወተን። ከሁሉም ልቤን የነካኝ ስለ ጋሞ ሽማግሌዎች የነገረን ነው። መስከረም 2011 ቡራዩ ውስጥ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ግፍ የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ሲወጡ፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። በጊዜው ፎቶውን ሁላችንም አይተነዋል። ከአገሩ ልጅ አፍ መስማት ግን ሌላ ነው። ሲናገር ድምፁ ተለወጠ፣ እኛም ዝም አልን።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ለዶርዜ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያዙ፣ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዝናብ ከሆነ የተራራው መንገድ ጭቃ ነው፣ ሰፊ ጊዜ መድቡ። ዝርዝር ብር ይኑራችሁ። ከቻላችሁ ጉዞውን ከዶርዜ ገበያ ጋር አጋጥሙት፣ ሐሙስ ይቆማል። ለአስጎብኚው አስቀድማችሁ ደውሉለት፣ በበዓል ሰሞን ቶሎ ይያዛል። የምትበሉትንና የማትበሉትንም ሳትደብቁ ንገሩት።

ወንድማችን፣ ይህን ካነበብከው ከሁላችንም ከልብ እናመሰግናለን። እጅህ ይባረክ። ጓደኞቼ ለጥምቀት ወላጆቻቸውን ይዘው ሊመጡ ነው፣ ቀኑን ያዝላቸው።