ጣሪያዋ ያዘቀዘቀ መኪናዬ፦ ከ16 ወር በኋላ

መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዞር ዞር ብሎ አያትና "ቆንጆ ናት። ግን ለምን የተሠራች ናት?" አለኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ሁሉ ትዝ ይለኝ ነበር። አሁን 16 ወር ሞልቶኛል፤ ወደ 24 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። መልሱን ያገኘሁት ይመስለኛል፤ የጠበቅኩት ዓይነት ግን አይደለም።

የመኪናዋን ስም አልጠራም። ይህን ዓይነት ቅርፅ ብዙ አምራቾች ስለሚሠሩት የማወራው ስለ ቅርፁ ነው። ኩፔ ኤስዩቪ ይሉታል። ከወገቧ በታች ኤስዩቪ ናት፦ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ጎማዋ ትልቅ። ከወገቧ በላይ ግን ኩፔ፣ ማለትም ጣሪያዋ ዝቅ ያለ የስፖርት ዓይነት መኪና ትመስላለች። ጣሪያው ከፊት ወንበር አልፎ ማዘቅዘቅ ይጀምርና እስከ ኋላ ጫፍ ድረስ ቁልቁል ይወርዳል።

ይህን ቅርፅ ያስለመደው ቢኤምደብሊው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ኤክስ6ን ለገበያ ሲያቀርብ። ያ ሁሉ ግዙፍ አካል ኖሮት መጀመሪያ ላይ ከኋላ የሚይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ብዙ ሰው "ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?" አለ። ይኸው ዛሬ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ደርሷል። መርሴዲስም፣ አውዲም፣ ሬኖም በየፊናቸው ተከትለውታል። ስለዚህ "ጥቅም የለውም" የተባለ ሁሉ ገዢ ያጣል ማለት አይደለም።

ወደ ራሴ መኪና ልመለስ። መጀመሪያ ደስ ያሰኘኝን ልናገር።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። የድሮዋ መኪናዬ ዝቅ ያለች አውቶሞቢል ነበረች። እናቴ ስትገባ ራሷን ወደ ወንበሩ መጣል ነበረባት፤ ስትወርድ ደግሞ እጇን ይዤ እስባታለሁ። በእያንዳንዱ ጊዜ "እፍ" የምትላት ነገር አለቻት፤ እሷን መስማት አልወድም ነበር። አሁን የጋቢናው ወንበር ልክ ወገቧ ጋ ነው። ትዞራለች፣ ትቀመጣለች፣ እግሯን ታስገባለች፣ በቃ። ስትወርድም ማንም አይነካትም። ለእኔ ይህ ብቻውን የመኪና ዋጋ ነው።

መሪው ቀላል ነው። ፍሬኗ አስተማማኝ ነው። ከፍ ብሎ መቀመጡ ከፊት ያለውን መንገድ ቀድሞ ለማየት ይረዳል። ረጅም ጉዞ ሄጄ ወገቤን አሞኝ አያውቅም።

አሁን ደግሞ የከፋኝን።

ለልጄ የጥናት ጠረጴዛ ገዛሁ። ተፈታትቶ በካርቶን የታሸገ ነው። ካርቶኑን ሳየው ትገባለች አልኩ፤ በርዝመትም በስፋትም ትገባ ነበር። ገፍቼ አስገባሁት። የኋላውን በር ሳወርደው አልዘጋም አለ። አራት ጣት ያህል ቀረው። አጋደምኩት፣ አዞርኩት፣ የኋላ ወንበሩን አጠፍኩት። አሁንም ያው አራት ጣት። ጣሪያው ወደ ኋላ ሲወርድ የበላው ቦታ ልክ እሱ ነበር። መጨረሻ ላይ እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ካርቶኑን ቀድጄ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ጫንኳቸው። ልጄ ብሎኖቹን በከረጢት ይዞ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

አምራቾች የዕቃ መጫኛውን መጠን በሊትር ይጽፋሉ። ስንገዛም የምናነበው እሱን ነው። ሊትር ግን ስለ ቁመት አይናገርም። ሻንጣዎችን ጎን ለጎን ብትደረድሩ ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ቁመት ያለው ነገር ስትጭኑ ነው የምታውቁት። ይህን ዓይነት መኪና ልትገዙ ከሆነ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የምትለኩትም የበሩን አፍ ሳይሆን በሩ ሲዘጋ መስታወቱ የሚያርፍበትን ቦታ ነው።

የኋላ መስታወቱ ሌላ ጣጣ ነው። በጣም ከማዘቅዘቁ የተነሳ በውስጥ መስታወት ስታዩ ከኋላችሁ ያለው መኪና ጣሪያውና መብራቱ ባንድ ጊዜ አይታይም። ዝናብ መጥረጊያም የለውም። ነፋሱ ያጸዳዋል ነው የሚባለው። በፍጥነት ስነዳ እውነት ነው፣ ጠብታው ተንሸራቶ ይሄዳል። ቀስ እያልኩ በጭቃ መንገድ ስሄድ ግን መስታወቱ ይለብስና ምንም አይታይም። ጨርቅ ሁልጊዜ በሩ ኪስ ውስጥ አለ። ወደ ኋላ ስነዳ ካሜራውንና ስፖኪዮውን ብቻ ነው የማምነው።

ጎማውን በአጭሩ ልለፈው። ስገዛት ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ነበራት። የጎማው ጎን ቀጭን ነው፤ ጉድጓድ አይችልም። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ ጎናቸው ላይ አበጡብኝ። መመሪያ ደብተሯን ሳይ 18 ኢንችም ይፈቀዳል። ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ጎማ አላበጠብኝም፤ ድምፁም ቀነሰ። መልኳ ትንሽ ቀንሶ ይሆናል፤ ጉዳዬ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወንድሜ የእኔዋን መኪና እህት ነው የሚነዳው። ያው ሞተር፣ ያው ካምቢዮ፣ ያው ሻሲ፤ ልዩነቱ ጣሪያው ቀጥ ብሎ እስከ ኋላ መሄዱ ብቻ ነው። ከአራት ወር በፊት ለሁለት ሳምንት ተቀያየርን። ሐሳቡ የእኔ ነበር። የእኔ መኪና የምትሰጠኝ የተለየ ነገር ካለ፣ ስትለየኝ ይጎድለኛል ብዬ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እናቴን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ዞረች፣ ተቀመጠች፣ እግሯን አስገባች። ልክ እንደኔዋ። መሪውም ያው ነው። ከፍታውም ያው ነው። ነዳጁን ከመሙላት እስከ መሙላት እየጻፍኩ አነጻጸርኩ። ያዘቀዘቀ ጣሪያ ከኋላ የሚፈጠረውን የአየር ሽክርክሪት ስለሚቀንስ በፍጥነት መንገድ ላይ ትንሽ ሊያግዝ ይገባል። እኔ ግን ማስታወሻዬ ላይ ይህ ነው የምለው ልዩነት አላገኘሁም። ከኋላ ደግሞ መጥረጊያ ነበረ፤ ቦታ ነበረ። ያ ካርቶን ሳይቀደድ ይገባ ነበር።

ያኔ የገባኝ ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ "ጥቅም የላትም" ላለኝ ሁሉ የምመልሰው ስለ ወንበሯ ከፍታና ስለ እናቴ ጉልበት ነበር። እሱ ግን የፊተኛው ግማሿ ሥራ ነው። የፊተኛው ግማሿ ደግሞ እህቷም ላይ አለ። ሰው የተወቀሰ መኪናውን ሲከላከል ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ማንኛውም መኪና የሚሠራውን ነው። "ቤቴ ታደርሰኛለች" ይላል። ትክክለኛው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ይህቺ ሞዴል፣ አጠገቧ ያለችው የማትሠራውን ምን ትሠራለች?

በዚህ ጥያቄ ሲታዩ ብዙ ስማቸው የጠፋ መኪኖች ነጻ ይወጣሉ። የሱባሩ ብራትን እዩ። ትንሽ ፒክአፕ ናት፤ የጭነት ቦታዋ ላይ ፊታቸውን ወደ ኋላ ያዞሩ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ነበሯት። ንፋስና አቧራ እየመታው እዚያ ማን ይቀመጣል? ምክንያቱ የነበረው ቀረጡ ላይ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጥላለች። አውሮፓ በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ስለጣለች አጸፋ ነበር፤ እስከ ዛሬም "የዶሮ ታክስ" ይባላል። ወንበሮቹ ሲጨመሩ ብራት እንደ ሰው መጫኛ ተቆጠረችና ከከባዱ ቀረጥ አመለጠች። ወንበሮቹ ሥራቸውን ወደቡ ላይ ጨርሰው ነበር።

የቅንጡ ስፖርት መኪና ሠሪው አስተን ማርቲን ያወጣት ሲግኔትም እንደዚያው ናት። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ነው የተሸጠችው። ርዝመቷ 3 ሜትር ገደማ የሆነችውን ቶዮታ አይኪው ወስደው በቆዳ ሸፍነው፣ የራሳቸውን የፊት ቅርፅ ሰጥተው አወጧት። ለምን? አውሮፓ የአንድ አምራች መኪኖች አማካይ የጭስ ልቀት ላይ ገደብ ጥላ ነበር። ትልልቅ ሞተር ብቻ የሚሠራ ኩባንያ አማካዩን የሚያወርድለት ትንሽ መኪና ያስፈልገው ነበር። ለገዢው ሳይሆን ለሠሪው ነበር የምትጠቅመው፤ ጥቅም ግን ነበራት። ፖንቲያክ አዝቴክም በመልኳ ብዙ ተሰድባለች። ነገር ግን ከኋላዋ ጋር የሚያያዝ ድንኳንና የሚነፋ ፍራሽ ነበራት። ሜዳ ማደር ለሚወድ ሰው ሌላው መኪና የማይሰጠው ነገር ነው።

ሁሉም ግን አያልፉም። የኒሳን ሙራኖ ጣሪያው የሚከፈተው ዓይነት፣ የሬንጅ ሮቨር ኢቮክም እንዲሁ፤ ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ቆሙ። ከፍታ ያለውን መኪና ጣሪያውን ቆርጠህ ስትጥል የኤስዩቪው ቦታ ይሄዳል፤ የክፍት ስፖርት መኪና ቅለትም አይመጣም። እኔ የሞከርኩት የለም፤ ግን ሁለት ጥሩ ነገር ገጥሞ ሁለቱንም ማጣት ምን እንደሚመስል በራሴ መኪና አይቻለሁ።

የእኔዋስ? ከእህቷ የምትበልጠው በመልኳ ብቻ ነው። ይህን ለማለት 16 ወር ፈጀብኝ። መልክ ምክንያት አይደለም አልልም። ማታ አቁሜያት ስሄድ ዞር ብዬ አያታለሁ፤ የወንድሜን መኪና በያዝኩበት ሁለት ሳምንት አንድም ቀን ዞር አላልኩም። ይህ ለአንድ ሰው በቂ ከሆነ ይግዛት። ግን "ለመልኳ ነው የገዛኋት" ብሎ ይግዛ። እኔ ቦታ አላት፣ ለቤተሰብ ትሆናለች ብዬ ራሴን አሳምኜ ነው የገዛሁት።

ለቤተሰብ የማትሆነው ከኋላ ነው። ልጄ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ስገዛት ከራሱ በላይ አንድ ጭብጥ የሚያህል ቦታ ነበረው። ባለፈው ክረምት ፀጉሩ የጣሪያውን ጨርቅ መንካት ጀመረ። አሁን ጎብጦ ነው የሚቀመጠው፤ ወይም ወደ መሃል ተጠግቶ ጣሪያው ከፍ የሚልበትን ይፈልጋል። ባለፈው እሁድ አያቱን ልናደርሳት ስንወጣ በሩን ከፍቶ ቆመና "አባ፣ ዛሬ እኔ ጋቢና ልሁን?" አለኝ። እናቴ ሰምታው "ይሁን፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ" አለች። ዝቅ ስትል ግንባሯ የበሩን ጠርዝ ነካ። ልጄ ወዲያው እጇን ይዞ መልሶ ጋቢናው ላይ አስቀመጣትና እሱ ጎብጦ ከኋላ ገባ።

በሚቀጥለው ወር ወንድሜ መኪናውን ሊሸጥ ነው። ለሌላ ሰው ከማሳየቱ በፊት እንዲነግረኝ ጠይቄዋለሁ።