ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው የመጽሐፍ ሱቅ እና ፒተር ቤንችሊ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጥና የሚያከራይ ሱቅ አለ። ታፔላ የለውም። ከአንበሳው ሐውልት ወደ ለገሀር አቅጣጫ ትንሽ እንደሄዳችሁ፣ አንድ የቆየ ሕንፃ ሥር፣ ከጫማ ጠጋኝና ከፎቶ ኮፒ ቤት መሀል ታገኙታላችሁ። ባለቤቱ ድሮ መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ተነስተው እዚህ ገቡ። ስለ ሱቁ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ልጻፍበት ብያለሁ። የዚህ ሱቅ ጥሩነት በደንብ የገባኝ ግን በአሜሪካዊው ደራሲ በፒተር ቤንችሊ መጻሕፍት ስለሆነ፣ ስለ እሱም ሰፋ አድርጌ አወራለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ መልስ ጎራ ስል ዓይኔ የሱ የሻርክ ልቦለድ «ጆውስ» ላይ አረፈ። ሽፋኑን ታውቁታላችሁ። ከላይ አንዲት ሴት ትዋኛለች፣ ከሥሯ ትልቅ ሻርክ አፉን ከፍቶ ሽቅብ ይመጣል። ሥዕሉ የሮጀር ካስትል ነው፤ በኋላ የፊልሙ ፖስተር የሆነውም እሱ ነው። መጽሐፉ ብዙ እጅ ያየ ነው። ወረቀቱ ቡና ቡና ብሏል፣ ጀርባው በፕላስተር ተይዟል፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የደበዘዘ ማኅተም አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንት ነው?» አልኳቸው።

ዋጋውን አልነገሩኝም። ከዚያው መደርደሪያ ሌላ ቀጭን መጽሐፍ ሳቡና «ልጄ፣ አባትየውንም አብረሽ እዪው» አሉኝ። የናትናኤል ቤንችሊ መጽሐፍ ነበር። ቀጥለው ስለ አያትየው አወሩልኝ። እሳቸው መጻሕፍትን የሚደረድሩት በፊደል ተራ አይደለም። አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም፣ ባልና ሚስት ደራሲ ከሆኑ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል። ሌላ ቦታ እንዲህ ዓይነት አደራደር አላየሁም።

የቤንችሊዎች ነገር በእርግጥም አንድ መደርደሪያ የሚገባው ነው። አያትየው ሮበርት ቤንችሊ በአሜሪካ ስመ ጥር ቀልደኛ ጸሐፊ ነበር። ስለ እንቅልፍ የሠራው አጭር ፊልም የ1935 የኦስካር ሽልማትን አግኝቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አባትየው ናትናኤል ልቦለድና የልጆች መጻሕፍት ይጽፍ ነበር፤ የገዛ አባቱን የሕይወት ታሪክም ጽፏል። ፒተር በ1940 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲወለድ ቤቱ በመጽሐፍ የተሞላ ነበር። የሙቀቱን ወራት ናንታኬት በሚባል ደሴት ያሳልፉ ነበር፤ ልጁ ከአባቱ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ሲወጣ ሻርኮች ከውሃው ብቅ ሲሉ ያያል። ባለሱቁ ይህን ሲነግሩኝ «ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ለፒተር ግን ከዘሩ ይልቅ ያ ባሕር የሳበው ይመስለኛል።

ሃርቫርድ ተምሮ በ1961 ተመረቀ። ዓለምን ዞረና ስለ ጉዞው በ1964 የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ ሠራ፣ ኒውስዊክ ላይ የቴሌቪዥን ዘርፍ አዘጋጅ ሆነ፣ ከ1967 ጀምሮ ደግሞ ለፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ንግግር ይጽፍ ነበር። ጆንሰን ሥልጣን ሲለቁ እሱም ከዋይት ሐውስ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ከባድ ነበሩ። ሚስትና ልጆች አሉት፣ በነፃ ጸሐፊነት የሚያገኘው ገንዘብ ቤት አይሞላም። በ1964 ፍራንክ መንደስ የሚባል አጥማጅ ከሎንግ አይላንድ ወጣ ብሎ ከ2,000 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሻርክ መያዙን ጋዜጣ ላይ አንብቦ ነበር። እንዲህ ያለው ሻርክ አንድ የመዝናኛ ከተማ ዳርቻ መጥቶ አልሄድም ቢልስ? ይህ ጥያቄ ለዓመታት ከአእምሮው አልወጣም።

ደብልዴይ የተባለው አሳታሚ አርታኢ ቶማስ ኮንግደን ሐሳቡን ወደደውና ለመጀመሪያዎቹ ገጾች 1,000 ዶላር ቅድሚያ ከፈለው። ቤንችሊ ክረምት ከበጋ ጻፈ። በብርዱ ወራት ኒው ጀርሲ ውስጥ ከአንድ የማሞቂያ ምድጃ ድርጅት በላይ ባለች ክፍል፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ኮነቲከት ውስጥ ድሮ የተርኪ ዶሮ ማደሪያ በነበረች ቤት። አርታኢው የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሲያነብ አልተስማማውም። ቀልድ በዝቶባቸው ነበር። አብዛኛው እንደገና ተጻፈ። ይህ ነገር በጣም ይነካኛል። አያቱ እንጀራ የበላበትን፣ እሱ ከቤት ይዞት የወጣውን ነገር ነው ቆርጠህ ጣል የተባለው። ቆረጠው። መጽሐፉ የሱ የሆነው ያኔ ነው። አባቱ እንኳ ርዕስ ሲፈለግ ቀልድ የሆነ ርዕስ አቅርቦለት ነበር፤ «ጆውስ» የተባለው ሊታተም ጥቂት ሲቀረው ነው።

መጽሐፉ በ1974 ወጣ። 44 ሳምንት ከፍተኛ ሽያጭ ካላቸው መጻሕፍት ዝርዝር ላይ ቆየ፣ በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። በ1975 ስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም አደረገው። ቤንችሊ ራሱ ባሕር ዳር ቆሞ ዜና የሚያቀርብ ጋዜጠኛ ሆኖ ይታያል። ፊልሙን ያየ ሰው መጽሐፉን አነበብኩት እንዳይል። ሁለቱ ብዙ ቦታ ይለያያሉ። መጽሐፉ ውስጥ የፖሊስ አዛዡ ትዳር ይታመሳል፣ ከንቲባው ከወንበዴ ገንዘብ ጋር ንክኪ አለው፣ ሻርኩ የሚሞትበት መንገድም ሌላ ነው።

በእኔ ግምት የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ሻርኩ የሌለበት ነው። አሚቲ የምትባለው ከተማ የዓመት ቀለቧን የምታገኘው በበጋው ጥቂት ሳምንታት ነው። ባሕር ዳርቻው ይዘጋ ከተባለ ባለሱቁ፣ ቤት አከራዩ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ ይራባል። ስለዚህ ሰው እየሞተ ዝም ይባላል። ላንጋኖ ዳር ሎጅ ያለው ሰው ይህን ጭንቀት ሳይነገረው ያውቀዋል። ሰዎቹ ግን ደረቅ ናቸው፤ ከአዛዡ በቀር የሚያሳዝነኝ አላገኘሁም። የትዳሩ ታሪክም ይንዛዛል። ባሕሩ ላይ ሲወጡ ነው እንደገና ነፍስ የሚዘራው።

ቀጥሎ «ዘ ዲፕ» በ1976፣ «ዘ አይላንድ» በ1979 መጡ። የመጀመሪያው በርሙዳ አካባቢ ስለሰመጡ መርከቦች ነው፤ ጥሩ የጉዞ ማሳለፊያ ነው። ሁለተኛውን አልወደድኩትም።

ሁሉም ሰው እንዲያነበው የምፈልገው በ1982 የወጣውን «ዘ ገርል ኦቭ ዘ ሲ ኦቭ ኮርቴዝ»ን ነው። ፓሎማ የምትባል ልጅ አለች፤ ባሕርን ያስተማራት አባቷ ሞቷል። በየቀኑ ከባሕሩ በታች ወዳለ ተራራ ትጠልቃለች። አንድ ቀን ገመድ ተጠምጥሞበት የቆሰለ ትልቅ ማንታ ሬይ (ክንፍ ያለው የሚመስል ጠፍጣፋ ዓሣ) ታገኛለች። ትንፋሿን ይዛ እየጠለቀች፣ አየር ሲያልቅባት እየወጣች፣ ገመዱን ከሥጋው ውስጥ ታወጣለታለች። እንስሳው አይሸሽም። ወንድሟ ግን ያንን ቦታ ካወቀ ዓሣውን ጠራርጎ ሊሸጠው ነው። ይህን ምዕራፍ ለተማሪዎቼ ተርኬላቸዋለሁ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነው የሰማኝ።

ያንኑ ባሕር ያስፈራራን ሰው ነው ይህን የጻፈው። ከፊልሙ በኋላ ሻርክ መግደል ጀግንነት መስሎ ብዙ ሰው ጀልባ ይዞ ወጣ። ሻርክ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ዘግይቶ የሚወልድ፣ ጥቂት ብቻ የሚወልድ እንስሳ ነው፤ አንዴ ከተጨፈጨፈ ቶሎ አይተካም። ቤንችሊ ራሱ ባሕር ውስጥ እየገባ፣ ከሳይንቲስቶች ጋር እየሠራ ሲሄድ ሻርክ ሰውን እያሳደደ እንደማይበላ ተረዳ። ዛሬ ቢሆን ያንን መጽሐፍ እንደማይጽፈው በግልጽ ተናገረ። የቀረ ዕድሜውን ለባሕር ጥበቃ ሰጠ፤ አስተማረ፣ ተከራከረ፣ በ2002 ስለ ሻርክ እውነታ «ሻርክ ትረብል»ን አሳተመ። በየካቲት 2006 በሳንባ ሕመም በ65 ዓመቱ ሞተ። በ2015 ሳይንቲስቶች ከመካከለኛው አሜሪካ የፓስፊክ ጠረፍ ወዲያ፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ ጥቁር ሻርክ አዲስ ዝርያ መሆኗን አስታወቁ። ሳይንሳዊ ስሟን በሱ ስም ኤትሞፕተረስ ቤንችሊአይ አሏት። የባዮሎጂ ሰው ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ ከኦስካሩም ከ44ቱ ሳምንትም ይልቅ ይህ ክብር ይበልጥብኛል።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ተራ ልቦለድ ከ150 እስከ 300 ብር ነው። የማይገኝ መጽሐፍ ከሆነ ይወደዳል፤ መከራከር ይቻላል፣ ግን በትሕትና። ለኪራይ 300 ብር መያዣ ታስይዛላችሁ፣ በሳምንት 40 ብር ትከፍላላችሁ። የገዛችሁትን ብትመልሱ በግማሽ ዋጋ ይወስዱታል። ቴሌብር ይቀበላሉ።

ችግርም አለ። መብራቱ ደካማ ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ገጾቹን በር ላይ ወጥታችሁ ቁጠሩ። የወሰድኩት «ዘ ዲፕ» መሀል ላይ ገጾች ጎድለውት ነበር። ስመልሰው ያለ ምንም ንግግር ለወጡልኝ። ከምሳ ሰዓት በኋላ አንዳንዴ ሳይናገሩ ዘግተው ይሄዳሉ፤ እሑድ አይከፍቱም። ዝናብ ሲዘንብ ከበሩ አጠገብ ያሉት መጻሕፍት እርጥበት ይነካቸዋል። ይህንን ነግሬያቸዋለሁ፤ መደርደሪያ ለማሠራት አስበዋል።

ሄዳችሁ «የቤንችሊዎቹ የት ናቸው?» በሏቸው። ከጀመራችሁ በ«ጆውስ» ጀምሩ፣ ግን እዚያ አታቁሙ። የፓሎማን መጽሐፍ ተከራይቼ ባለፈው ሳምንት መልሻለሁ፤ ከበሩ በስተቀኝ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ከአባትየው መጽሐፍ አጠገብ አለ።